የሚያሳይ አጥር

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ወጡ ከእሳት ወርዶ ወለሉ ተወልውሎ ሲያልቅ፣ የመጨረሻ ሥራዬ የሚርፔሴቱ መስታወት ነው። ሚርፔሴት የምንለው በረንዳውን ነው፤ ስሙን ከዚህ አገር ቋንቋ ወስደን የእኛ አድርገነዋል። በረንዳችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በግንብ ወይም በብረት ፈንታ የታጠረው ከወገብ በላይ በሚደርሱ ሦስት ወፋፍራም መስታወቶች ነው። ባሕሩ ኤይን ሀትኽሌት በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ትንሽ ይርቃል፤ ጨዉ ግን አይርቅም። ከሰንበት እስከ ሰንበት ባለው ጊዜ መስታወቱን እንደ ዱቄት ያለብሰዋል።

ጨው እንዴት እንደሚታጠብ የተማርሁት ከባሕሩ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ስሠራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ደረቅ ጨርቅ ይዤ የሆቴሉን መስታወት ልፈትግ ስል አለቃችን እጄን ያዘችኝ።

«አንቺ፣ ጨው እኮ ድንጋይ ነው» አለችኝ። «መጀመሪያ ውሃ ታፈሺበታለሽ፤ ይሟሟል፣ ይወርዳል። ጨርቅ ከዚያ ወዲያ ነው። አለበለዚያ ትቧጭሪዋለሽ። የተቧጨረ መስታወት ደግሞ እስከ መሢሑ መምጫ አይድንም።»

ይህን አልረሳሁም። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ከላይ እለቅበታለሁ። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ አድርጌ በለስላሳ ጨርቅ አብሰዋለሁ፤ ከዚያም ማጋቭ በምንላት የጎማ ከንፈር ባላት ትንሽ መጥረጊያ ከላይ ወደ ታች እጠርገዋለሁ። ፀሐይ ፊት ለፊት እያለች አይታጠብም፤ ቶሎ ይደርቅና ዥንጉርጉር ይሆናል። መስታወቱ የቆመበት አሉሚኒየም ከሥሩ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱን በቀጭን እንጨት እጎረጉራቸዋለሁ። በመጨረሻ እያንዳንዱን መስታወት በመዳፌ ገፋ አድርጌ አየዋለሁ፤ የሚነቃነቅ ካለ ባለቤቴ ብሎኑን ያጠብቀዋል። ለጣራህ መከታ አድርግ ይላል ኦሪት፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን። ስለዚህ ይህን ሥራ እንደ ጽዳት ብቻ አላየውም።

ከሦስቱ መስታወቶች የዳርና የዳሩ ጥርት ያሉ ናቸው። መሀለኛው ግን ፈዛዛ ነው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ሰው አያሳይም። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሠራተኛ ጠርተን እንድናስለውጠው የመከሩን ብዙ ናቸው። አመሰግናለሁ ብዬ ሌላ ወሬ እጀምራለሁ። ዛሬ ግን የሆነውን ልጽፈው አሰብሁ።

እኔና ባለቤቴ ከጎንደር ወደዚህ አገር የመጣነው በሱዳን በኩል ነው። የወለደችኝ እናቴ ከእኛ ጋር ተነሥታ ነበር፤ አልደረሰችም። አሸዋ አልብሰናት መጣን። ከዚህ በላይ ስለ እሷ መጻፍ አልችልም። ያሳደገችኝ ሌላ እናት ግን ነበረችኝ፤ አማቴ። ለልጃቸው የታጨሁት ገና ልጅ ሳለሁ ስለሆነ፣ ነፍስ ያወቅሁት በእሳቸው ቤት ነው። አማቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጭቃ ረግጦ ማብሰልን፣ ማሰሮ መጠፍጠፍን፣ ጸሎትንም ዝምታንም ከእሳቸው ተማርሁ። እኛ ስንወጣ እሳቸው ጎንደር ቀሩ። ዓመታት አለፉ። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት ጋር እግዚአብሔር አመጣልን። ይክበር ይመስገን። ያኔ ይህ ቤት ከተሰጠን ብዙ አልቆየም ነበር።

ከእሳቸው ጋር ወደ ቤታችን የገባ ነገር ቢኖር አንድ ጥቅልል ልብስና በጨርቅ የተቋጠረ የወንዝ ጠጠር ነው። ጠጠሩ ማሰሮ የሚያለሰልሱበት ነው፤ ከእናታቸው የተቀበሉት። ሸክላው ሳይተኮስ በዚያ ጠጠር እየታሸ ይወለወላል፤ በታሸ ቁጥር ያበራል።

የመጡ ቀን ቤቱን ሁሉ አሳየኋቸው። ወጥ ቤቱን፣ የልጆቹን ክፍል፣ የእሳቸውን አልጋ። ሁሉንም «እሰይ፣ እሰይ» እያሉ አዩ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ጎጆውስ የት ነው?»

ስለ የትኛው ጎጆ እንደሚጠይቁኝ ገብቶኛል። በአገራችን፣ ኦሪትን በምንጠብቀው በእኛ ዘንድ፣ ሴት የወር ደሟ ሲመጣ ከቤት ትወጣለች። ለዚህ የተሠራ ጎጆ አለ፤ የደም ጎጆ እንለዋለን። ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደርለታል። ምግቧን ድንጋዩ አጠገብ ያኖሩላታል፤ ማንም አይነካትም፣ እሷም ማንንም አትነካም። በሰባተኛው ቀን ወንዝ ወርዳ ገላዋንና ልብሷን ታጥባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትገባለች። እናቶቻችን ሁሉ እንዲህ ነበሩ። እዚህ አገር ከመጣን በኋላ፣ በመጤዎች ማረፊያው አንድ ክፍል ውስጥ ስንኖር፣ ጥግ ይዤ ፍራሽ ለይቼ አሳለፍሁ። እያዘንሁ ነው ያሳለፍሁት። ይህን ቤት ሲሰጡን መጀመሪያ ያየሁት በረንዳውን ነው።

በሩን ከፈትሁላቸው። «እዚህ ነው እማማ።»

አማቴ ወጡ። ያን ቀን ለእሳቸው ብዬ መስታወቱን አሳምሬ አጥቤዋለሁ፤ ያለ አይመስልም ነበር። እጃቸውን ወደ አየሩ ሲዘረጉ ጣታቸው መስታወቱን መታው። ደንግጠው ሰበሰቡት።

«ኧረ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አጥሩ ነው እማማ። መስታወት ነው።»

«የሚያሳይ አጥር!» ብለው ሳቁ። «እንግዲህ ሌባው አይደክምም። ከውጭ አይቶ፣ መርጦ ነው የሚገባ።»

ባለቤቴ ከኋላችን ቆሞ ሳቀ። «እምዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ምን ሌባ ይወጣል?»

«አንተ ዝም በል። እኔ ካገሬ እዚህ ወጥቼ የለም?»

በዚያ ዓመት ከወር ወር በረንዳው ጎጆዬ ሆነ። በመሀለኛው መስታወት ሥር ፍራሼን አነጥፋለሁ። ሳህኔና ኩባያዬ ለብቻ ነበር። አማቴ ምግቡን ደፉ ላይ አኑረው ፈቀቅ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አነሣለሁ። ልጆቹ ከውስጥ ቆመው የትምህርት ቤታቸውን ያወሩልኛል። ሥራ መሄዱ አልቀረም፤ ስመለስ ግን ወደዚያው ነበር። በሰባተኛው ቀን ወደ ማታ ከአማቴ ጋር አውቶቡስ ይዘን ወደ ገደሉ ሄደን ደረጃውን ወርደን፣ ሰው የማይበዛበት ጫፍ ድረስ በአሸዋው እንሄዳለን። ወንዝ ስለሌለን ባሕሩ ወንዛችን ነበር። እኔ ስነከር አማቴ ንጹሕ ልብሴን ታቅፈው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ስወጣ «እንኳን ደህና ገባሽ» ይሉኛል። የዚያን ዓመት ደስታዬን በሌላ ነገር ልመስለው አልችልም። ያጣኋት እናቴ በእሳቸው ተመለሰችልኝ።

ነገሩ የተበላሸው በበጋ ነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ተደበደበ። ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቶ ነበርና ዓይኑን እያሸ ከፈተ። የመጣችው ከምድር ቤት የምትኖረው ጎረቤታችን ናት፤ ከትሪፖሊ የመጣች መበለት፣ ድምፅዋ ደረጃውን የሚሞላ። ልብሷን ጓሮ ስታሰጣ ቀና ባለች ቁጥር በመስታወቱ ውስጥ ታየኝ ኖሯል።

«ሚስትህ ምን አድርጋህ ነው?» አለችው።

«ምን?»

«ስንት ቀኔ ነው ሳያት! ውጭ ትበላለች፣ ውጭ ትተኛለች። ውሻ እንኳ ሲመሽ ይገባል!»

«ማንም አላስወጣትም። ራሷ ናት የወጣች።»

«ራሷ! ሟቹ ባሌም ሁልጊዜ ጥፋቱን ሁሉ ራሷ ናት ይል ነበር!»

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፖሊስ እጠራለሁ ስትል እኔ ከበረንዳው መናገር ግድ ሆነብኝ። በዚህ አገር ቋንቋ የወር ደም ላይ ያለች ሴት ኒዳ ትባላለች። ያንን ቃል ክፍሉን አሻግሬ፣ በባሌ ፊት፣ ጮክ ብዬ ተናገርሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጎረቤታችን አፏን በእጇ ያዘች። «ኒዳ? ታዲያ ሚርፔሴት ላይ?» ትንሽ አሰበች። «አያቴም ሳህንዋን ትለይ ነበር። ሚርፔሴት ግን አልወጣችም። ለነገሩ ሚርፔሴትም አልነበራትም!» ብላ ሳቀች፤ ማታ ደግሞ አንድ ሳህን ጣፋጭ ላከች።

ደግ ሴት ናት። አፏ ግን መዝጊያ የለውም። ሳምንት ሳይሞላ ሕንጻው ሁሉ ሰማ። አማቴ ያን ጊዜ የአገሩን ቋንቋ ስለማይሰሙ፣ ባለቤቴ «ውሃ ተንጠባጠበብኝ ብላ ነው» አላቸው፤ እንዳያዝኑ ብሎ ነው። በሚቀጥለው ወር በረንዳው ላይ ስቀመጥ የሕንጻው ሰው ሁሉ ቀኔን አወቀ። የላይኛው ቤት ሰውዬ ባለቤቴን ደረጃ ላይ አግኝቶ «በዚህ ሳምንት ወጥ ሠሪው አንተ ነህ አሉ! ቀምሼ ልፍረድልህ?» አለው። ባለቤቴ ሳቀ፤ ቤት ሲገባ ግን ፊቱ ሌላ ነበር።

አንሶላ ወጥረን መስታወቱን ለመከለል ሞከርን። የባሕሩ ነፋስ ነፍቶ ነፍቶ ገመዱን በጠሰው። ሁለተኛ ስናስር የሕንጻው ኮሚቴ ሰው መጥቶ፣ በሕንጻው ፊት ላይ ጨርቅ መስቀል ክልክል ነው አለን። ከዚያ ወዲያ በረንዳውን ተውሁት። ወሬ ሳያበዛ ይለፍ ብዬ ቀኔ ሲመጣ እንደ ድሮው ጥግ ይዤ ፍራሼን ለይቼ ውስጥ ተቀመጥሁ።

አማቴ ምግብ ሲቀርብ «አልራበኝም» አሉ። በማግስቱም አልራባቸውም፤ ደም ላይ ያለች ሴት ውስጥ ካለች የቤቱን ምግብ አይነኩም። በሦስተኛው ቀን ሻይና የደረቀ ዳቦ ብቻ በራሳቸው ኩባያ ይዘው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ሆነ። ጉንጫቸው ጎደለ። አንድ ማለዳ ጥቅልላቸውን አሥረው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ አልፈርድብሽም» አሉኝ። «አገሩ ሌላ ነው። እኔ አሮጌ ነኝ፤ ሆዴ እሺ አይለኝም። ሐዴራ ከተማ ወዳለችው ልጄ ውሰዱኝ። እሷ ምድር ቤት ናት፤ ጓሮ አላት።»

አንዲት እናት በመንገድ ቀርታብኛለች፤ ሁለተኛዋ ደግሞ በእኔ ምክንያት ከቤቴ ልትወጣ ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኋቸው። የጎረቤታችንን ነገር፣ ጮኼ ያልሁትን ቃል፣ የደረጃውን ቀልድ፣ አንዱንም ሳልደብቅ። አማቴ አቀርቅረው ሰሙኝ።

«እኛ አገር ድንጋዩ ከጉልበት አያልፍም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ማን አየን? ያለፈው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ነው የሚያልፍ። የሸፈነን ድንጋዩ መስሎሽ ነው?»



«የዚህ አገር ሰው ክፉ አይደለም» አሉ ደግሞ። «ፊት ማዞር አልለመደም እንጂ።» ጥቅልሉን ግን አልፈቱትም።

በማግስቱ ከሆቴል ስመለስ የእርጥብ ጭቃ ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሽታ ነው። ሮጥሁ። አማቴ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀይ ሆኖ በረንዳው ላይ ተንበርክከዋል። ከሰፈሩ ዳር ካለው ባዶ መሬት ቀዩን አፈር በባልዲ አምጥተው፣ ደረቅ ሣር ከትፈው፣ በውሃ ለውሰው መሀለኛውን መስታወት ከላይ እስከ ታች ለቅልቀውታል። እንደ ቤት ግድግዳ አለስልሰው፣ የጣታቸውን መስመር እኩል አድርገው ነው የለቀለቁት። በሰማያዊው ባሕርና በነጩ ሕንጻ መሀል አንድ የጎንደር ግድግዳ ቆሟል።

«እንግዲህ ያሳይ እንደሆነ እናያለን» አሉኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። «እማማ፣ ምን አደረጉ!»

«ምን አደረግሁ? ቤት ለቀለቅሁ። ውጭውንም ልቀጥል?»

«ኧረ ይወድቃሉ!»

በዚያ ማታ ጥቅልሉን ፈቱት፤ እራትም በሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ቀኔ ሲመጣ ያለ ሐሳብ ወጣሁ። ከጭቃው ጀርባ ተቀምጬ ጸሎቴን አደረስሁ። ጎረቤታችን ጓሮዋ ውስጥ ስትዘፍን ይሰማኛል፤ አታየኝም። የሕንጻው ኮሚቴ ሰውም ስለ ጨርቅ እንጂ ስለ ጭቃ ሕግ ስላላገኘ ይመስለኛል፣ ቀና ብሎ አይቶ ራሱን እየነቀነቀ አለፈ።

እስከ መጀመሪያው ዝናብ ድረስ ደህና ነበርን።

ዝናቡ ከዳስ በዓል በኋላ ከባሕሩ በኩል ከነፋስ ጋር መጣ። በአንድ ቀን ግድግዳችን ቀለጠ። ጭቃው መስታወቱን ለቆ ወደ አሉሚኒየሙ ወረደ፣ ቀዳዳዎቹን ደፈነ፣ ሞልቶ በሕንጻው ፊት ቁልቁል ፈሰሰ። ጎረቤታችን ከጓሮው ያላስገባችው አንሶላ ነበራት፤ ነጭ። በሩን ስከፍት ከፊቴ ዘርግታ ያዘችው፤ ከላይ እስከ ታች በቀይ መስመር ተዥጎርጉሯል።

«የሙሽራ ሒና ነው ይሄ?» ብላ ጮኸች። «ሙሽራዋ ማን ናት? ንገሩኝና እኔም ልዘጋጅ!»

አማቴ ቃሉን ባይሰሙም አንሶላውን አዩ። ማስተርጎም አላስፈለገም። ይቅርታ ብዬ አንሶላውን ተቀበልሁ፤ ዘፍዝፌ፣ አጥቤ፣ አድርቄ መለስሁላት። ለአማቴም ነገርኋቸው። «ምንም አይደለም እማማ። የቀረውን ዓርብ በውሃ አለሰልሼ እኔ አወርደዋለሁ። እስከዚያ አይንኩት።»

የነገርኋቸው ለምን አይንኩት እንደምል ሳልገልጽ ነው። እሳቸው ደግሞ የራሳቸው እጅ ያቆሸሸውን ሌላ እንዲያጥብላቸው የሚተዉ ሴት አይደሉም።

ዓርብ ሳይደርስ፣ በማግስቱ፣ እኔ ሥራ እንደወጣሁ ተነሡ። ዝናቡ አቁሞ የቀረው ጭቃ ደርቆ ነበር። ከነአሸዋው በሻካራ ጨርቅ ፈተጉት። ጭቃው ሲለቅ መስታወቱ እንደ ድሮው ሳያበራ ቀረ። ስለዚህ የሚያውቁትን አደረጉ። የማያበራ ማሰሮ ይታሻል፤ ቋጠሯቸውን ፈትተው የእናታቸውን ጠጠር አወጡ። ሲያሹት ፈዘዘ። ሲፈዝ የበለጠ አሹት። በሕይወታቸው ሙሉ ጠጠር የነካው ነገር ሁሉ አብርቶላቸዋል፤ ይህ አንዱ እምቢ አለ። እስከ እኩለ ቀን በጉልበታቸው እየሄዱ ከዳር እስከ ዳር ጨረሱት።

ስገባ ክፍላቸው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጥቅልሉ ታሥሯል፤ ነጠላቸውን እንደ ኀዘንተኛ ተከናንበዋል።

«የልጄን ቤት አበላሸሁ» አሉኝ። እያለቀሱ ነበር። ሲያለቅሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። «የሰው ልብስ አቆሸሽሁ፣ የልጄን መስታወት አሳወርሁ። ከዚህ በላይ ሳላዋርዳችሁ ውሰዱኝ።»

ወደ በረንዳው ወጣሁ። መሀለኛው መስታወት የአጓት መልክ ይዟል። ሳሙና መስሎኝ ውሃ አፈሰስሁበት። እርጥቡ ሳለ ጥርት ብሎ መንገዱን አሳየኝ፤ ሲደርቅ ተመልሶ ፈዘዘ። የአለቃዬ ቃል ትዝ አለኝ፤ እስከ መሢሑ መምጫ አይድንም። በጣቴ ዳሰስሁት። አልተሰነጠቀም፣ አልላላም። ብሎኑም ጠንካራ ነው። ዓይኑ ብቻ ነው የጠፋ።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ እግዚአብሔር ልቤን ከፈተልኝ። ሌላ ቃል የለኝም ለእሱ። ተመልሼ ገባሁ።

«እማማ፣ ጥቅልሉን ይተዉትና አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ወርደው ከመንገዱ ቀና ብለው ይዩኝ።»

«ምን ልይ?»

«እኔን።»

ያበድሁ መስሏቸው ትንሽ አዩኝ፤ ከዚያ በትራቸውን ይዘው ወረዱ። እኔ ፍራሼን በማነጥፍበት ቦታ፣ በመሀለኛው መስታወት ጀርባ ቁጭ አልሁ። የባሕሩ ብርሃን ይገባል፤ ፀሐይዋ ገላዬን ታሞቀኛለች። መንገዱ ግን አይታየኝም። የደረጃው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«የት ነሽ?» አሉ ከታች።

«እዚህ ነኝ!»

«የቱ ጋ?»

«እዚሁ መሀል! ቁጭ ብያለሁ!»

«እስቲ እጅሽን አንሺ!»

አነሣሁ።

«እጅሽ ታየኝ! አውርጂው! …አሁን የለሽም! ልጄ፣ የለሽም!»

ወዲያው እልልታቸው መንገዱን ሞላው። እንዲያ ያለ እልልታ ከሰርጌ ቀን ወዲህ ከአፋቸው አልሰማሁም። ጎረቤታችን ጓሮ ውስጥ ነበረች መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ በትሪፖሊ ሴቶች እልልታ ከታች መለሰችላቸው። ሁለቱ አንዲት ቃል ሳይግባቡ ተቀባበሉ። ቀጥሎ ድምፅዋ መጣ።

«አላልሁም? ሒናው ለሰርግ ነው አላልሁም? ማን ናት ሙሽራዋ?»

ከፈዛዛው መስታወት ጀርባ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ማንም አላየኝም።

አማቴ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «እንግዲህ የሚበላ ነገር አምጪ» አሉኝ። ጥቅልሉን የፈታሁት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ማታ ሲገባ ሁሉን ነገርነው። በረንዳው ላይ ወጥቶ መስታወቱን ከዚህም ከዚያም ብዙ አየው። አማቴ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመዋል።

«እምዬ፣ ኦሪት ለጣራህ መከታ አድርግ ነው ያለ» አላቸው። «መከታው ፈዛዛ አይሁን አላለም።»

ሕንጻው እንደሆነ ወሬ አይጠፋውም፤ እያደር ግን ረሳን። ጎረቤታችንም ተለወጠች። ስለ እኔ ሰው ሲጠይቃት ጓሮዋ ውስጥ ሆና «እኔ ከዚህ ምንም አላይም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን የአማቴ ነገር ትዝ አለኝ፤ ፊት ማዞር ለመደች ማለት ነው። አማቴ ሐዴራ ሄደው ልጃቸውን እየጠየቁ ተመለሱ እንጂ ከቤታችን አልወጡም። እግዚአብሔር በወሰነላቸው ቀን በራሳቸው አልጋ፣ ልጃቸው እያየ ዐረፉ። በሰባቱ የኀዘን ቀናት ጎረቤታችን በየማለዳው የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ይዛ ትወጣ ነበር። ጠጠሩ እኔ ዘንድ ነው።

አሁን እኔም ከዚያ ወግ ወጥቻለሁ፤ ዕድሜዬ አልፏል። ሴት ልጆቼ የራሳቸው ቤት አላቸው፤ እንዴት እንደሚጠብቁ እግዚአብሔርና እነሱ ያውቃሉ። ስለዚህ መሀለኛው መስታወት ዛሬ የሚሸፍነው ሰው የለም። ቢሆንም አላስለውጠውም።

ከሌሎቹ ይልቅ እሱ ሥራ ያበዛል። ገጹ ስለሻከረ ጨው ይይዛል፤ የጎማዋ ከንፈርም አትንሸራተትበትም። ሁለተኛ ውሃ እለቅበታለሁ፤ አልፈትገውም፤ በእርጥብ ጨርቅ እየጫንሁ ጨዉን አነሣለታለሁ። ዓርብ ሰንበት ልትገባ ስትል፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ ለጥቂት ጊዜ ጥርት ይላል። ያን ጊዜ ቁልቁል መንገዱን፣ አማቴ በትራቸውን ይዘው የቆሙበትን ቦታ አያለሁ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ይመጣል። እጄን አደራርቄ እገባና ለሰንበት ልብሴን እለብሳለሁ።